ከእኔ ጋር የሚሰረዝ ወንበር

መስከረም 18

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናና ሰላም ቀድመውት ደርሰው ይቆዩት። እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱ በር በሩን እያለ ነው፣ ገና አልገባም። በስልክ ያልጠየቅሁዎት ረስቼዎት አይደለም፤ «በስልክ የተወራ ነገር ከስልኩ ጋር ይዘጋል» ብለው ከተቆጡኝ ወዲህ ለእርስዎ ያለኝን ሁሉ ለወረቀት አስቀምጣለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ያው እዚህ በሰው አገር፣ ሥራ ላጡ ሰዎች ሥራ በሚያፈላልገው የማዘጋጃ ቤት ቢሮ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነኝ። ስቀጠር ስምንት መስኮት ነበረን። የከተማው በጀት ጎደለ ከተባለ ወዲህ ግን አንድ ሰው በለቀቀ ቁጥር መስኮቱ ግራጫ መጋረጃ ይጋረድበትና «ወደሚቀጥለው መስኮት ይሂዱ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። አሁን ክፍት የቀሩት ሦስት ናቸው። ሰልፉ ደግሞ ከደረጃው ወርዶ አውቶቡስ መጠበቂያው ዘንድ ደርሷል። ነገሩ ያስቃል፤ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ሠራተኛ ይቀንሳል፣ የተቀነሰው ሠራተኛ ወደ እኛ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ራሳችን ተቀንሰናል። ማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ሥራውን ሲያቆም የተበተነ አንድ ግንበኛ ባለፈው ሳምንት መስታወቱ ላይ ተደግፎ፣

«እመቤት፣ ለምን ለመሰለፍ አትቀጥሩንም? እኛ እንደሆን ከሰዓታችን ቀርተን አናውቅም» አለኝ።

ሣቅሁ። ሥቄ ስጨርስ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። «ተስፋ አይቁረጡ፣ በሳምንቱ ይመለሱ» አልሁት። ይህን ቃል ከመናገሬ ብዛት አንዳንድ ጊዜ ቤቴ ገብቼ ለማንቆርቆሪያው ልነግረው ይቃጣኛል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር፤ አይቆጡኝ። ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያርፉት? ፊቴ የሚቆሙት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። «ሽማግሌዎቹ ከወንበር አይነሡልንም» ሲሉኝ እርስዎ ትዝ ይሉኛል፤ ይቅር ይበሉኝ። ወንድሜ እርስዎ ባሉበት የሆስፒታል ወርክሾፕ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ ዓመታት አለፉ። እርስዎ ቢነሡ ዋና ባለሙያ ተብሎ በቦታዎ ይቀመጣል። ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ወንበሩን ቢያወርሱት ምን ይጎድልብዎታል?

ለታካሚዎችዎ የጠየቁኝን ወፍራም የጥጥ ካልሲ ልኬያለሁ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 25

ለእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን መኩሪያ፣

የሰማይ ጌታ መውጣት መግባትሽን ይጠብቅልኝ፤ የሰው አገር ደረጃ ሲወጡትም ሲወርዱትም አይክበድሽ። እኔ በሽማግሌ ልክ ደኅና ነኝ። ካልሲው ደርሷል። የተቆረጠ እግር ጉማጁ ከሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ ጋር ሲፋተግ ምን ያህል እንደሚያቆስል የሚያውቅ ያውቀዋልና፣ የለበሱት ሁሉ መርቀውሻል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ተቀየምሁ፤ ሁለተኛ ሳነበው እውነት እንደ ተናገርሽ ተረዳሁ፤ እውነቱ ግን ያንቺ መስኮት እውነት ነው። የእኛ ቤት ሌላ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ወደዚህ ወርክሾፕ ስገባ ዐሥር የሥራ ጠረጴዛ ነበረ። ጠዋት በሩ ሲከፈት የቆዳው፣ የኮላውና የእርጥብ ጄሶው ሽታ አንድ ላይ ይቀበልሽ ነበር። ያስተማረኝ ባለሙያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሜትሩን ከማንሣቱ በፊት ታካሚውን «ድሮ ስትሄድ ትቸኩል ነበር ወይስ ትንቀራፈፍ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለሚቸኩለው አንድ ዓይነት፣ ለሚንቀራፈፈው ሌላ ዓይነት እግር ይሠራል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቤት የት አለ?

ኋላ «የበጀት ጉድለት» የሚባል ነገር መጣ። ጉድለቱን ማንም በዓይኑ አላየውም፤ እኛ ያየነው የሄደበትን መንገድ ነው። መጀመሪያ ቅጥር ታገደ፤ ቀጥሎ የተለቀቀ የሥራ መደብ ሁሉ ይሰረዝ ተባለ። ቆዳ ሰፊያችን የሞተ ጊዜ ከቀብሩ ስንመለስ ጠረጴዛው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ነጭ ጥላው ብቻ ቀርቶ አገኘን። የመንግሥት ኪስ ሲቀደድ የሚንጠባጠበው ሳንቲም እንዳይመስልሽ፣ ልጄ፤ ሰው ነው። ከዐሥሩ ጠረጴዛ ሁለት ቀረን፤ የእኔና የወንድምሽ።

እጄ ሞረድ ሲይዝ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ አልደብቅሽም። የእግሩን ቅርጽ በጄሶ የሚያነሣው፣ ማቀፊያውን የሚቀርጸው፣ ጉልበቱን የሚገጥመው ወንድምሽ ነው። እኔ የምሠራው መቀመጥ ነው። አትሣቂ፤ በዚህ ቤት ዛሬ ከባዱ ሥራ እርሱ ሆኗል። ከዚህ ወንበር የተነሣሁ ዕለት ወንበሩ ከእኔ ጋር ይሰረዛል፤ ከወንበሩ ጋር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ስለ ወንድምሽ የምጨምረው ነበረኝ፤ ግን ቃል አለብኝ፣ የራሱ አፍ ይንገርሽ። እኔን ሆዴ ይፍጀኝ።

እኛ ዘንድ ስለምትታከመው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጽፌልሽ አላውቅም። አንድ እግሯን በመኪና አደጋ ያጣች ሕፃን ናት። ልጅ በየጊዜው ያድጋልና እግሯ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ቅጥር ታገደ፣ የልጅቱ አጥንት ግን አልታገደም። ባለፈው ስትለካ ትኩር ብላ አየችኝና፣

«አባባ፣ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«መቀመጥ» አልኋት።

«እሱንማ እኔም እችላለሁ! እኔ ካንተ በላይ ተቀምጫለሁ።»

ወንድምሽ ሣቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ እውነተኛው እግሯ አደገ፣ የገጠምንላት መርገጫ፣ ጫማ የሚጠልቅበት የእግሩ ጫፍ፣ ግን ባለበት ቀረ፤ በልኳ የሚሆን መርገጫ ከመጋዘን ካለቀ ቆይቷል፣ ግዢም ቆሟል። እናትየዋ ሁለት ጥንድ ጫማ ትገዛና ከትልቁ አንዱን፣ ከትንሹ አንዱን ታጫማታለች። መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ቁጥሩ ግን የተለያየ ሁለት ጥንድ የልጅ ጫማ ብታገኚ ትልቅ ጽድቅ ነው። የሁለቱንም ልክ በክር ለክቼ ክሩን እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎንም ይማርልኝ። ክሩ ደርሷል። ጫማውን ገዝቻለሁ፤ ሰማያዊ ነው። ልጅ ናትና ታድጋለች ብዬ በትልቁ ላይ አንድ ቁጥር ጨምሬያለሁ። ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ስለ ወንበሩ የጻፉትን ግን አልተቀበልሁትም። እጄ ይንቀጠቀጣል ይላሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ወንድሜ ነው ይላሉ፤ ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የእርስዎ መደብ ቢሰረዝ የእርሱ ቋሚ መደብ አለ። ወንድሜን በስልክ «ጋሼ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሽማግሌ ምን ጊዜም የሚደብቀው ነገር አይጠፋውም፤ ምንም የለም፣ ሰላም ነው» አለኝ።

ባይከፋዎት አንድ ነገር ልበል፤ ከወንበር የማይነሡ ሰዎች ሁሉ ወንበሩን ለሌላ ሰው ብለን ነው የያዝነው ይላሉ።

መልካም ወሬም አለኝ። የሆስፒታላችሁ ሥራ አስኪያጅ ለስብሰባ ወደ እኛ ከተማ ይመጣል። ትዝ ይልዎታል? አብሮኝ የተማረው፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ይደውል የነበረው፣ «ደወሉ» የምንለው ልጅ። ሻይ እጋብዘዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ዛሬ ግን አጭር ነኝ። ይህ ወረቀት ከሥራ አስኪያጁ ቀድሞ እንዲደርስሽ ለፖስታ ቤቱ ሰው ለምኜ ነው የሰጠሁት።

ሰውየውን ጋብዢው፣ ስለ ልጅነታችሁ አውሩ፣ ሣቁ። የእኔን ስም ግን አታንሺ። ዕድሜዬ ከጡረታ ማለፉን ያውቃል። ማወቁንም አውቃለሁ። ሁለታችንም እንደማናውቅ ሆነን ስንኖር ቆይተናል፤ በየጠዋቱ በወርክሾፑ በር ሲያልፍ እኔን ሳይሆን ሰዓቱን ያያል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። አብሮት የሒሳብ ሹሙ ከመጣ ደግሞ ሁለት እጥፍ ተጠንቀቂ። እዚህ ሠራተኛው «መቀስ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጡለት በከንቱ አይደለም።

የጻፍሽው ቃል ከፍቶኛል፤ ግን ዛሬ ጊዜው አይደለም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ደስ አለዎት! መልስዎ ገና አልደረሰኝም፤ ይህን ወሬ ይዤ ግን መጠበቅ አልቻልሁም።

ደወሉን ትናንት አገኘሁት። ሆዱ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ገብቷል፤ ሣቁ ግን ያው ነው። «አንተ ደወል፣ አሁንም ሰው ከክፍል ታስወጣለህ?» አልሁት። «አሁንስ የማስወጣው ከደመወዝ ነው» አለኝና ሻይ ቤቱ እስኪሰማ ሣቀ። አብሮት አንድ ቀጭን ዝምተኛ ሰው ነበር፣ የሒሳብ ሹሙ ነው አለኝ። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ።

ከዚያ የልቤን አወጣሁት። «ለመሆኑ አጎቴን መቼ ነው የምታሳርፏቸው? እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እስከ መቼ ይሠራሉ? ጡረታቸው እኮ ካለፈ ስንት ጊዜው! ወንድሜም በእሳቸው ቦታ ይደግ እንጂ» አልሁ። ደወሉን ሻዩ ትን አለው። ሲስል ሲስል ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁለት። ያ ዝምተኛ ሰውዬ ግን በጣም ጨዋ ነው፤

«ስንት ዓመታቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርሁት።

«ጥሩ አደረጉ እንኳን ነገሩን፤ እንዲህ ያለው ነገር በደንቡ መሠረት ይስተካከላል» አለኝ።

ደወሉ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተጫወተም፤ ጉዞው ደክሞት ይሆናል። ጫማውን በእርሱ ልልክ አስቤ በደስታ ብዛት ቤቴ ረስቼው ሄድሁ። ጋሼ፣ ተሳክቶልናል፤ አሁን ያርፋሉ!

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 14

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ልብስ ደርቢ።

ዝም ያልሁት ለቅጣት አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ቁጣ ብቻ እየወጣ ስላስቸገረኝ እስኪበርድ ጠበቅሁት።

መቀሱ ከመንገድ በተመለሰ ሳምንት ወደ ወርክሾፑ መጣ። ወንድምሽ የአንድ ጎልማሳ ጉልበት እየገጠመ ነበር። መቀሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠረጴዛዎቹን ቆጠረ፤ ሁለት ናቸው፣ ብዙም አልደከመም።

«አባት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ከሥራው አላነሰም» አልሁት።

«ከደንቡ ግን በልጧል» አለና ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ሲያነጋግረኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። «እኔ እኮ ሳላይ ነበር የምኖረው፤ አሁን ግን ሰው ፊት ተነገረኝ። ሰው ፊት የሰሙትን አልሰማሁም ማለት አይቻልም» አለኝ። አልፈረድሁበትም።

አሁን ቃሌን ላፍርስ፤ የምጠብቅለት ነገር የለምና። ወንድምሽ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ አያውቅም። የኮንትራት ሠራተኛ ነው፤ «የዋና ባለሙያው ረዳት» እየተባለ በየበጀት ዓመቱ የሚታደስለት። ዋና ባለሙያው ከሌለ ረዳት የሚባል ነገር የለም። የፐርሶኔል ኃላፊው በደጉ ቀን «እገዳው የሚነሣበት ጊዜ ይመጣል፤ እስከዚያ እርስዎ ከመደቡ አይነሡ፤ ሲነሣ ልጁን በእርስዎ ቦታ ቋሚ አድርገን እንተካዋለን» ብሎኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ባውቅም፣ ላሟ የወንድምሽ ስለ ሆነች ቀና ብዬ ስጠብቃት ኖርሁ። ስቀመጥ የነበረው ይህን ነው፣ ልጄ። ወንበሩን ለሌላ ሰው የያዝሁት ከምር ነበር።

እርሱም የዋሸሽ ላንቺ ብሎ ነው። «እኅቴ የእኔን ነገር ስታስብ የራሷን ኑሮ ረሳችው፤ ቋሚ ሆንሁ ካልኋት ለራሷ መኖር ትጀምራለች» ብሎ አስምሎኛል። ሁላችንም አንዳችን ለሌላው ስንጠነቀቅ እዚህ ደረስን።

ስንብታችን አንድ ቀን ነበር፣ የእኔም የእርሱም። ለእኔ ንግግር ተደረገልኝ፤ ለእርሱ ማንም ምንም አላለውም፤ ኮንትራት ሲያልቅ ንግግር የለውም። ስጦታ ተብሎ የተሰጠኝ ምን ይመስልሻል? ወንበሩ! መደቡ ሲሰረዝ ወንበሩም ከንብረት መዝገብ ወጣና የሚያደርጉት አጡ። ወንድምሽ ተሸክሞልኝ በዋናው መንገድ ስንሄድ አንድ ጫማ ጠራጊ አየንና፣

«አባት፣ ወንበሩን ይዞ ከሥልጣን የወረደ እርስዎን አየሁ!» ብሎ ጮኸ።

መንገደኛው ሁሉ ሣቀ። ወንድምሽም ሣቀ። እኔ ግን ሲሥቅ ትከሻው ላይ ያለው ወንበር ሲንቀጠቀጥ አየሁና አልቻልሁም፤ ጥላዬን ዘርግቼ ፊቴን ጋረድሁ፣ ዝናብ ሳይኖር።

ወንበሩን ቤቴ መስኮት ሥር አኖርሁት። አልቀመጥበትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ከሳሽሽ ግን አይደለሁም። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ቢሆን ነገሩ እንዴት ቀላል ነበር።

አጎትሽ


ሚያዝያ 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ስጀምር እጄ አፈረ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልተቀመጥሁም። ታኅሣሥ ላይ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ደወሉ ከሄደ በኋላ ነበር። ስመልስ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

እኔም የደበቅሁዎት አለ። ደወሉን ሻይ ስጋብዝ የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ተቀንሶ ነበር። የካቲት ላይ ሦስተኛው መስኮት ተጋረደ። መጋረጃውን ራሴ ነኝ የሰቀልሁት፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ተቀንሳ ስለ ነበር ሌላ የሚሰቅል አልነበረም።

ቢሮው ወደሚያገለግላቸው ሰዎች ወገን ዞሬ ተሰለፍሁ። ያ ግንበኛ ከኋላዬ ነበር። «እመቤት፣ ደግሞ በየትኛው በኩል ነዎት?» አለና ዞር ስል ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ዋጠው። ዝናብ ነበር፤ የያዘውን ፕላስቲክ ለሁለታችን ዘረጋው። መስኮቱ ጋ ስደርስ የሥራ ባልደረባዬ ደነገጠች፤

«አንቺ! በጎን በር አትገቢም እንዴ?»

«በጎን በር የሚገባው ሠራተኛ ነው።»

ኮምፒዩተሩን ነካካች፤ ታይቶ የማያልቅ ነገር እንዳለ ሁሉ ብዙ አየችው። ከዚያ «ተስፋ አትቁረጪ፣ በሳምንቱ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ተያየን። እኔ ጨረስሁላት፤ «ተመለሺ» አልሁ። ሣቅን፤ የሣቃችን መጨረሻ ግን ሣቅ አልነበረም።

ጋሼ፣ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከእኔ ቀጥሎ አራተኛው መስኮት ላይ የነበረችው አሮጊት ጡረታ ስትወጣ ኬኩን የቆረጥሁት እኔ ነበርሁ። «ለወጣት ቦታ ለቀቁ» ብዬ አጨበጨብሁ። በማግስቱ መስኮቷ ተጋረደ፤ አንድም ወጣት አልመጣም። በገዛ ቢሮዬ፣ በክንዴ ርቀት፣ ያየሁትን ነገር በእናንተ ቤት ማየት አቃተኝ። ሲነሡ የሚሰጥ ወንበርና ሲነሡ የሚሰረዝ ወንበር ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል።

ሁለቱ ጥንድ ጫማ ይኸው። ከበሬ አጠገብ ተቀምጦ ስገባም ስወጣም ሲያየኝ ከረመ። ወንድሜ በስልክ ያው «ሰላም ነው» ይለኛል። እባክዎ፣ እውነቱን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ ከእንግዲህ ማንም ለማንም አይጠንቀቅ።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 3

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ፣

ከደጅ ያለሽውን የሚያስገባ፣ የቆምሽውን የሚያሳርፍ አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። በመዘግየቴ አትዘኚ። ዓይኔም እጄም ተባብረው አስቸግረውኝ ይህን ወረቀት በብዙ ቀን ቆራርጬ ነው የጻፍሁት።

እውነቱን አምጣ ብለሻልና ላምጣ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሲብት የፐርሶኔል ኃላፊው ከነኮቱ ቤቴ ድረስ እየተጣደፈ መጣ።

«ጋሼ፣ እገዳው ተነሣ!»

«እሰይ! ታዲያ ልጁን ልጥራው?»

«እሱማ... የተነሣው ላሉት መደቦች ነው። የእርስዎ መደብ ተሰርዟል፤ የሌለ መደብ ላይ ሰው አይቀጠርም። እንደ አዲስ ይጠና፣ ይጸድቅ ተብሎ ተጽፏል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውየው ራሱ አፍሮ ኮቱን ሳያወልቅ ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ዘንድሮ የለቀቀውንም እንደማያነሣ አየሁ።

ወንድምሽ ሥራ አግኝቷል። የእንጨት ዕቃ በሚሠራበት ቤት ውስጥ በቁጥር እየተከፈለው የወንበር እግር ያበጃል። ሲያጫውተኝ «ጋሼ፣ የወንበር እግር ጥሩ ነው፤ አመመኝ አይል፣ አቆሰለኝ አይል» አለኝና ሣቀ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ግን ማንም አይመለስም» አለ። አየሽ፣ በእኛ ሥራ ሰው እየተመለሰ ያማርርሻል፤ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ ይፈትገኛል ይልሻል። አንድ ቀን መጥቶ ምንም ሳያማርር ሲቀር ያን ጊዜ ሥራሽ ማለቁን ታውቂያለሽ። ወንበር ግን ወጥቶ ይሄዳል፣ እንደ ሄደ ይቀራል። ይህን ነው የናፈቀው።

የልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ ወደ ወርክሾፑ ሄዳ በሩ ላይ ቁልፍ አገኘች። ሌላ ከተማ ሂዱ አሏት፤ እዚያም ሰልፍ ነው። ልጅቱ እግሯ ካጠረባት ከርሞ አንድ ጎኗን አዘንብላ ነበር የምትሄደው። እናትየዋ ቤቴን ጠይቃ ጠይቃ አገኘችኝ። «ከሥራ ወጥተዋል አሉኝ፤ ልጄ ግን ማደጓን አላቆመችም፤ ምን ላድርጋት?» አለችኝ። ይህን የሚመልስ ደንብ አላውቅም።

ወንድምሽ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራው ሲወጣ መጣ። ከእንጨት ቤቱ የተረፈ ጠንካራ ቁራጭ አስፈቅዶ ይዞ ነበር፤ በረንዳዬ ላይ መርገጫውን በእውነተኛው እግሯ ልክ ፈለፈለው። እኔ ጫፉን ያዝሁለት። እጄ በባዶው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው በወዲያ በኩል ሲይዝለት ግን ጸጥ ይላል፤ ይህን በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን አወቅሁ። ቅዳሜ በቅዳሜ ላይ ተጨመረ፤ ቆዳውን ሰፋን፣ ቁመቱን ጨመርን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። እግሩን በምትለብስበት ቀን ልጅቱ ቤቱን ቃኘችና መስኮት ሥር ያለውን ወንበር ስታይ ሄዳ ቁጭ አለችበት። እናቷ «ኧረ ተነሺ፣ የአባባ ነው!» ብላ ተቆጣች።

ልጅቱ እኔን አየችኝ። «አባባ፣ ሥራህን ወሰድሁብህ» አለች።

«ውሰጂው፤ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ፈተና ተቀጥረሻል» አልኋት።

ወንድምሽ እግሩን ገጠመላትና በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀና ብሎ አያት። «ድሮ ስትሄጂ ትቸኩዪ ነበር ወይስ ትንቀራፈፊ ነበር?» አላት። እኔ ይህን ጥያቄ ጠይቅ ብዬው አላውቅም፤ ከእኔ ሲሰማ ኖሮ ኖሮ ነው።

«እሮጥ ነበር» አለችው።

ከዚያ የላክሽውን ጫማ አመጣሁ። ሁለቱ እግሮቿ አሁን እኩል ናቸው፤ ጨምረሽ የገዛሽው ሰማያዊው ትልቁ ጥንድ በሁለቱም ልክ ሆነ። ተነሣች። የወንበሩን መደገፊያ ለቀቀች። ከበረንዳው እስከ አጥሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ምንም አላማረረችም። ወንድምሽ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ያልቆሸሸ እጁን።

ሥራ አልተመለሰለትም፤ ይህን ተስፋ አድርገሽ እንዳታነቢኝ። ሰኞ ወደ ወንበር እግሩ ተመልሷል። አንቺም ሰልፍሽ ላይ ነሽ። ከእንግዲህ ከአንቺ የምጠይቀው ወሬሽን ብቻ ነው፤ እውነተኛውን ወሬሽን፣ ሰላም ነው የሚለውን አይደለም። ግንበኛውንም ሰላም በይልኝ፤ ፕላስቲኩን ለሁለት የሚዘረጋ ሰው እንደ ዋዛ የሚገኝ አይደለም።

ትንሹ ጥንድ ጫማ ተርፏል። የሚሆነው ሌላ ልጅ መምጣቱ አይቀርም፤ የልብስ ሰፊዋ ቤቴን ላንድ ሰው ነግራለች፣ ያም ሰው ለሌላ ይነግራል። እስከዚያ ድረስ ጫማውን ወንበሩ ላይ አኑሬዋለሁ። እዚያ ተቀምጦ ቦታ ይጠብቅ።

አጎትሽ